ከፋብሪካ ማሸጊያ ወደ ጉዞ ከረጢት፦ የአንድ ረጅም የእግር ጉዞ ስንቅ አዘገጃጀት የጉዳይ ጥናት

መግቢያ

በጀርባ ተሸክሞ ለሳምንታት በሚደረግ የእግር ጉዞ፣ ስንቅን ከፋብሪካ ማሸጊያው አውጥቶ በቀላል ከረጢት እንደገና ማሸግ የተለመደ ሥራ ነው። ክብደት ይቀንሳል፣ ቦታ ይቆጥባል፣ የእያንዳንዱን ምግብ መጠንም አስቀድሞ ለመወሰን ያስችላል። ይሁን እንጂ አምራቹ ምግቡን ከእርጥበት፣ ከአየርና ከብርሃን ለመጠበቅ ያበጀው መከላከያ ማሸጊያው በተከፈተበት ቅጽበት ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ምግቡን የመጠበቁ ሥራ በአዲሱ ከረጢትና በአሻጊው ላይ ይወድቃል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ ሊመዘገብ ይገባዋል የምልበት ምክንያት፣ ብልሽቱ የደረሰው በቸልተኞች ላይ ሳይሆን ሥራቸውን በትጋት በሠሩ ሰዎች ላይ በመሆኑና ከብልሽቱ አብዛኛው ምግቡ ከመድረቁ በፊት ሳይሆን ከደረቀ በኋላ፣ በአቀላቀሉ የመጣ በመሆኑ ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀው የተጓዦቹን ማስታወሻና ቃል እንዲሁም በቤት የቀሩትን ከረጢቶች በማገናዘብ ነው፤ እኔም በጉዳዩ የገባሁት ሦስተኛውን እሽግ ለመላክ በዝግጅት ላይ የነበረችው ሰው ምክር በጠየቀችኝ ጊዜ ነው።

ዳራ

ተጓዦቹ አራት ሲሆኑ ሁሉም የረጅም የእግር ጉዞ ልምድ ነበራቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ በቤቱ ምግብ በማድረቅ ለብዙ ጊዜ የቆየ ነው። መንገዱ አምስት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ፣ ከሞቃታማ ዝቅተኛ ስፍራ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ከፍታ የሚያቋርጥ ነበር። አልፎ አልፎ በሚያገኟቸው መንደሮች ትኩስ ምግብ ለመመገብ አስበው የቀረውን ስንቅ በሦስት ከፈሉት። የመጀመሪያውን ራሳቸው ተሸከሙ፤ ሁለተኛው ከመነሻው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ በመንገዱ ላይ ወደሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ተላከ፤ ሦስተኛው ደግሞ በአንዱ ተጓዥ እህት ዘንድ ቆይቶ በቀጠሮ እንዲላክ ተደረገ።

ለአንድ ሰው በቀን ከ700 እስከ 800 ግራም የሚደርስ ደረቅ ምግብ መደቡ። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ክብደቱን ሳይጨምሩ ኃይሉን ከፍ ለማድረግ ለውዝ፣ ዘይትና ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት በብዛት አስገቡ። ይህ ውሳኔ በስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቅባት በበዛ ቁጥር ስንቁ በአየርና በሙቀት የሚበላሽበት ዕድል እንደሚሰፋ በዕቅዳቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም።

አሸጋጀቱ በምግብ ሰዓት የተከፋፈለ ነበር። የቁርሱ ከረጢት የአጃ ቅንጣት፣ የዱቄት ወተት፣ ዘቢብ፣ ለውዝና ስኳር በአንድነት ይዟል። የእራቱ ከረጢት ቶሎ የሚበስል ሩዝ ወይም ፓስታ፣ በቲማቲም ተሠርቶ የደረቀ ሥጋና የደረቀ አትክልት ነበረው። ለቀትር ብስኩት፣ የደረቀ ፍራፍሬና ለውዝ በአንድ ከረጢት ገቡ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የደከመ ሰው አንድ ከረጢት ከፍቶ ሙቅ ውሃ ብቻ እንዲጨምር። ሁሉም በስስ ባለ ዚፕ የፕላስቲክ ከረጢት ታሸገ፤ አብዛኛውም በተከታታይ ጥቂት ቀናት ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ችግሩ

የመጀመሪያው ክፍል ያለ እንከን ተበላ። ተጓዦቹ ይህን የዝግጅታቸው ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክፍል ባይበላሽ የሚያስረዳው ጥቂት ነው፤ እርጥበት ከአንዱ ምግብ ወደ ሌላው ለመሸጋገርም ሆነ ሻጋታ ለመብቀል ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው እሽግ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሲከፈት አንድ ወር ያህል ሆኖታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈውም ጣራው በቀን በሚግል ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በቁርሱ ከረጢቶች ውስጥ የዱቄት ወተቱ ወደ ቢጫ ያደላ ጓል ሆኗል፤ አጃው ለስልሷል፤ ለውዙ ሲታኘክ አይሰበርም፣ የቆየ ዘይት ጠረንም ይሸታል። ብስኩቱ ሳይሰበር ይታጠፋል። ከእራት ከረጢቶች በአንዱ ውስጥ ጥቂት የሥጋ ቁራጮች አመድማ አረንጓዴ ጠጉር አብቅለዋል። ሁለት ከረጢቶች በፓስታ ጫፍ ተበስተዋል። ከስንቁ ጋር በአንድ ሳጥን የተላከው ሳሙና ሽታም ስሱን ፕላስቲክ አልፎ በሩዙ ላይ ይሰማ ነበር።

በዚያው ምሽት የነበረው ክርክር ሊጠቀስ የሚገባው ነው። አንደኛው ተጓዥ የሻገቱትን ቁራጮች ለቅሞ ጥሎ የቀረውን በደንብ አፍልቶ መብላት ይቻላል አለ። ሐሳቡ ከርኀብና ከድካም የመጣ ነውና የሚያስወቅስ አይደለም፤ ግን አደገኛ ነው። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ፣ እንዲሁም ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ በመፍላት አይጠፋም፤ ማፍላት ተሕዋስያኑን ቢገድልም የሠሩትን መርዝ እንዳለ ሊተወው ይችላል። የሻጋታ ሥርም ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል። ተጓዦቹ በመጨረሻ የሻገተበትን ከረጢት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር በአንድ ዙር የደረቀውን ሥጋ የያዙትን ሁሉ፣ ንጹሕ የሚመስሉትን ጨምሮ፣ ጣሉ። በአካባቢው ያገኙትን ተራ ሩዝና ምስር ገዝተው አንድ ቀን ዘግይተው ቀጠሉ። ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ውሳኔ ይህ ይመስለኛል።

የምክንያት ፍተሻ

በቤት የቀረው ሦስተኛው ክፍል ከሁለተኛው ጋር በአንድ ጊዜ የተዘጋጀ በመሆኑ ለፍተሻው እጅግ ጠቀመን። ከፍተን ስናየው በቀዝቃዛ ክፍል ስለነበረ ሻጋታ አልታየበትም፤ ወተቱ ግን መጓል ጀምሯል።

ዋናው ምክንያት የእርጥበት ሽግግር ነው። የምግብን መበላሸት የሚወስነው ጠቅላላ የውሃው መጠን ሳይሆን ለተሕዋስያንና ለኬሚካዊ ለውጥ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ውሃ ነው። የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች ይህን ዋተር አክቲቪቲ በሚባል፣ ከ0 እስከ 1 በሚደርስ ልኬት ይገልጹታል፤ የንጹሕ ውሃ ልክ 1 ነው። አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ከ0.85 በታች አይራቡም፤ ከ0.6 በታች ደግሞ ሻጋታን ጨምሮ ምንም ተሕዋሲ አያድግም። ሁለት ምግቦች በአንድ የታሸገ ከረጢት ሲቀመጡ፣ ውሃ ልኬቱ ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው በመካከላቸው ባለው አየር አማካይነት እየተሸጋገረ ሁለቱ እስኪስተካከሉ ድረስ ይቀጥላል። ዘቢብ ከክብደቱ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይይዛል፤ ስኳሩ ውሃውን ስለሚይዘው ለብቻው ሲቀመጥ አይበላሽም። የዱቄት ወተት ግን ውሃው ከ5 በመቶ በታች ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ዘቢቡ ይደርቃል፣ ወተቱ ይረጥባል። በወተቱ ውስጥ ያለው ላክቶስ የተባለው ስኳር እርጥበት ሲያገኝ ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓላሉ።

በዚህ ጉዳይ እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው ቢመረመር በቂ ደረቅ ነበር። ዘቢቡም፣ ወተቱም፣ ብስኩቱም ከፋብሪካ በትክክለኛ ይዞታቸው ወጥተዋል። ስንቁን ያዘጋጀው ሰው ደጋግሞ «ሁሉም ደረቅ ነበር» ያለው እውነቱን ነው። ያልታየው ነገር፣ ከረጢቱ አንዴ ከተዘጋ በኋላ በውስጡ ያለው ሁሉ አንድ የጋራ እርጥበት የሚኖረው መሆኑ ነው። በተለይ ከባድ ጉዳት የደረሰው በማቀዝቀዝ በደረቁት አትክልቶች ላይ ነው። እነዚህ ውሃቸው በበረዶ መልክ እያለ በቀጥታ ወደ ተን ተለውጦ የወጣላቸው፣ በቀዳዳ የተሞሉ ምግቦች ስለሆኑ እርጥበትን በፍጥነት ይመጥጣሉ፤ ከብረት ቅብ ማሸጊያቸው አውጥቶ ለሳምንታት በስስ ከረጢት ማስቀመጥ፣ ያውም እርጥበት ካለው ምግብ ጋር፣ የተከፈለላቸውን ዋጋ ሁሉ ማጥፋት ነው።

የሥጋው ምክንያት ሌላ ነው። ሥጋው በዘይት ተጠብሶ፣ መጠናቸው በማይመሳሰል ቁራጮች ተቆርጦ ደርቋል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ማድረቂያው በመጀመሪያው ሰዓት ከሚገባው በላይ እንዲግል ተደርጓል። እንዲህ ሲሆን የቁራጩ ውጫዊ ክፍል ፈጥኖ ይጠጥርና በውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል፤ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ከቀናት በኋላ ግን የውስጡ እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በተጨማሪም ገና ሳይበርድ ታሽጓል፤ ሙቅ ምግብ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተኑ በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ይሆናል።

የለውዙና የወተቱ ጠረን የመጣው ከኦክስጅን ነው። ከረጢቶቹ የተሠሩበት ፖሊኤትሊን የተባለው ፕላስቲክ የውሃ ተንን በመጠኑ ይከለክላል፣ ኦክስጅንን ግን በቀላሉ ያሳልፋል። የዕቃ ቤቱ ሙቀት ደግሞ ነገሩን አፋጥኖታል፤ በግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ያለው ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሦስተኛውን እሽግ ለመላክ ዐሥር ቀን ያህል ይቀር ስለነበር ከመጀመሪያው ማዘጋጀት ተቻለ። የቀድሞው ሥጋ ሙሉ በሙሉ ተጣለ። በምትኩ ቅባቱ አነስተኛ የሆነ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጣዊ ሙቀቱ ቢያንስ 71 ዲግሪ እስኪደርስ በስለ፤ ወጥቶ የቀረው ቅባት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ተጠነፈፈ፤ ከዚያም በ60 ዲግሪ ገደማ ደረቀ። ማብሰሉ ከማድረቁ መቅደሙ ወሳኝ ነው፤ የማድረቂያው ሙቀት ብቻውን ባክቴሪያን ለመግደል አይበቃም፣ ቀስ በቀስ የደረቀ ባክቴሪያም ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል። መድረቁን በእጅ ከመገመት ይልቅ እህትየዋ ትሪውን በየሁለት ሰዓቱ መዘነች፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ብቻ አወጣችው።

ቀጥሎ የደረቀው ሁሉ ከበረደ በኋላ በመስታወት ማሰሮ ሁለት ሦስተኛ ያህል ተሞልቶ ለአንድ ሳምንት ተቀመጠ፣ በየቀኑም ተነቀነቀ። ይህ እርምጃ ሁለት ጥቅም አለው፦ በቁራጮቹ መካከል የቀረውን እርጥበት ያስተካክላል፤ በቂ ያልደረቀ ነገር ካለ ደግሞ በመስታወቱ ላይ ጤዛ በማሳየት ያጋልጠዋል። ከማሰሮዎቹ አንዱ፣ የቲማቲሙ፣ በሁለተኛው ቀን ጤዛ ስላሳየ ይዘቱ ወደ ማድረቂያው ተመለሰ። ለጉዞ ስንቅ ምግብ የሚያደርቅ ሰው ሁሉ ከአንድ እርምጃ በቀር እንዳይጨምር ቢገደድ፣ እኔ የምመርጥለት ይህን ነው።

አሸጋጀቱ በምግብ ሰዓት ሳይሆን በድርቀት ደረጃ ሆነ። በጣም ደረቅ የሆኑት፣ ማለትም ወተት፣ ብስኩትና በማቀዝቀዝ የደረቁ አትክልቶች፣ ለየብቻቸው ታሸጉ። ዘቢብና ሌሎች ለስላሳ ፍራፍሬዎች በሌላ ከረጢት ገቡ። ለውዙ ከፋብሪካ ማሸጊያው ጭራሽ አልወጣም፤ ጥቂት ግራም ቢጨምርም በውስጡ ያለው አየር በናይትሮጅን የተተካ ስለሆነ ከቤት ከረጢት ይበልጣል። የየዕለቱ ትንንሽ ከረጢቶች በአንድ ትልቅ ከረጢት ተሰብስበው፣ ምን ከምን ጋር እንደሚገባ የሚገልጽ ወረቀት በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ተቀመጠ፤ በከረጢት ላይ በቀለም የሚጻፍ ጽሑፍ ቅባት ሲነካው ይጠፋልና። ዘይቱ ክዳኑ በሚጠመዘዝ ትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ሄደ። ሥጋው አየሩ በማሽን ተመጥጦ ታሸገ፤ ፓስታው ደግሞ ከመታሸጉ በፊት በወረቀት ተጠቀለለ። ሳሙናው ከሳጥኑ ወጣ።

የሠራውና ያልሠራው

ሦስተኛው እሽግ ሲከፈት ወተቱ እንደ ተፈጨ ይፈስ ነበር፣ ብስኩቱ ይሰበራል፣ በሥጋው ላይ አንዳች ሻጋታ አልታየም። ይሁን እንጂ ይህ እሽግ የቆየው ለአጭር ጊዜ ከመሆኑም በላይ የተቀመጠው በከፍታ ላይ በሚገኝ ቀዝቃዛ ማረፊያ ስለሆነ፣ ውጤቱን ሁሉ ለአዲሱ አሸጋጀት መስጠት ትክክል አይሆንም። ለዚህ ሲባል እህትየዋ ጥቂት አዲስ የቁርስ ከረጢቶችን አዘጋጅታ፣ ከፊሉን እንደ ቀድሞው ቀላቅላ፣ ከፊሉን ለያይታ በአንድ መደርደሪያ ላይ አቆየች። ከሳምንታት በኋላ በተቀላቀሉት ውስጥ ያለው ወተት ተጓለ፤ በተለዩት ውስጥ ያለው ግን ደኅና ነበር። ስለ ወተቱ በእርግጠኝነት መናገር የምችለው በዚህ ንጽጽር ምክንያት ነው። ስለ ሥጋው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ስለተቀየረ፣ የትኛው ለውጥ ምን ያህል እንደረዳ መለየት አይቻልም።

ያልሠሩትም ነበሩ። በሦስተኛው እሽግ ከምግቡ ጋር እንዲገቡ የተደረጉት ኦክስጅን መምጠጫ ትንንሽ ከረጢቶች ውስጣቸው ያለው የብረት ዱቄት ሲዝግ ኦክስጅንን የሚወስዱ ናቸው፤ ማሸጊያው ሲከፈት ጀምሮም ሥራቸውን ይጀምራሉ። በጠረጴዛ ላይ ለረጅም ሰዓት ተዘርግተው ስለቆዩ አብዛኞቹ ከመግባታቸው በፊት አልቀው ነበር። ቀሪዎቹም አየር በሚያስገባ ባለ ዚፕ ከረጢት ውስጥ በመግባታቸው ፋይዳ አላሳዩም፤ የብረት ቅብ ያለውና በሙቀት የሚታተም ከረጢት ያስፈልጋቸዋል። ከሁሉ በላይ፣ ውሃው ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ምግብ ጋር ኦክስጅን መምጠጫ መጠቀም እንደማይገባ መታወቅ አለበት። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ የሚያድገው ኦክስጅን በሌለበት ነው፤ እርጥብ ምግብን ከአየር መነጠል ለእርሱ ምቹ ቤት መሥራት ይሆናል። አየር መጥጦ ማሸግም እንዲሁ በቂ ያልደረቀን ምግብ አያድንም።

የዘይቱ ጠርሙስ በከፍታው ላይ አፈሰሰ። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር ተስፋፍቶ ዘይቱን በክዳኑ ገፋው፤ ደግነቱ ጠርሙሱ በሁለት ከረጢት ተጠቅልሎ ነበር። ጠርሙሱን እስከ አፉ መሙላት ወይም የሚጨመቅ መያዣ መጠቀም ይህን ይቀንሰዋል።

የተቀቀለው ቦሎቄ ሙሉ ፍሬውን እንደያዘ ስለደረቀ በከፍታው ላይ ጠጣር ሆኖ ቀረ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያም ማለት ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ተጓዦቹ ከቀትር ጀምሮ በቀዝቃዛ ውሃ ሊዘፈዝፉት አስበው ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ የበሰለ ምግብ አንዴ ውሃ ከጠጣ እንደ ማንኛውም የበሰለ ምግብ የሚበላሽ ነውና በሞቃት ቀን ከአንድና ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም። እራት ከመሠራቱ ጥቂት ቀደም ብለው መዘፍዘፉን መረጡ። ከመድረቁ በፊት ቢጨፈለቅ የተሻለ ይሆን ነበር። ጥሬ ቀይ ቦሎቄን ግን ነዳጅ በሚያንስበት ጉዞ መያዝ ፈጽሞ አይመከርም፤ በደንብ ካልፈላ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ንጥረ ነገር አለበት።

ከረጢቶቹ መብዛታቸውም ተጓዦቹን አሰልችቷቸዋል። የፕላስቲክ ቆሻሻው ጨምሯል፣ ማታ በጨለማ ወረቀት እያነበቡ ማቀላቀሉም ቀላል አልነበረም። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የሚከፈልበት ዋጋ አለው።

ለሌሎች ጉዞዎች የሚጠቅሙ ትምህርቶች

አሸጋጀትን የሚወስነው ምግቡ የሚበላበት ቀን መሆን አለበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚበላ ቁርስ ወተትና ዘቢብ ማቀላቀል ጉዳት የለውም፤ ምቾቱም ትልቅ ነው። ለሳምንታት የሚቆየው ግን በድርቀት ደረጃው ተለይቶ፣ በተሻለው ከረጢት መታሸግ ይኖርበታል። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ሰው በመጀመሪያ የሚበላውን በትኩስ ጉልበት፣ በመጨረሻ የሚበላውን ደክሞት ያሽገዋል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ዙር የደረቀን ሥጋ በሁሉም እሽጎች ማከፋፈል አደጋን ማከፋፈል ይመስላል፤ እዚህ ግን አንድ ስሕተት በሁሉም እሽግ እንዲገኝ አድርጓል። የደረቀበት ቀንና ዙር በየከረጢቱ ላይ ቢመዘገብ፣ ችግር ሲገኝ የሚጣለውንና የሚተርፈውን ለመለየት ያስችላል። ከፋብሪካ ማሸጊያው ላይም የይዘቱን ዝርዝርና የአበሳሰሉን መመሪያ ቆርጦ አብሮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በተለይ ከተጓዦቹ አንዱ ለለውዝ ወይም ለወተት አለርጂ ካለበት፣ ስም በሌለው ከረጢት ውስጥ ያለ ድብልቅ ከባድ አደጋ ነው።

ስንቅ በእሽግ ለሚቀበሉ ተጓዦች በቤት የሚቀር ሰው መኖሩ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጠቅሟል። ሦስተኛው እሽግ ከሁለተኛው ጋር አብሮ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ለማረም ጊዜ አይገኝም ነበር። የሚላክበትን ቀን በተቻለ መጠን ማዘግየት፣ ማረፊያውንም ሳጥኑን በጥላና በቀዝቃዛ ስፍራ እንዲያስቀምጥ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከየእሽጉ ዓይነት አንድ ተመሳሳይ ከረጢት በቤት ማስቀረትም ይረዳል፤ ማስቀመጫውም እሽጉ ያርፍበታል ተብሎ ከሚታሰበው ስፍራ ጋር በሙቀት የሚቀራረብ ቢሆን ይመረጣል። ቀጣዩ ሳጥን ከመላኩ ከዐሥር ቀን ያህል በፊት ይህ ከረጢት ተከፍቶ ወተቱ ይፈስ እንደሆነ፣ ለውዙ ይሰበር እንደሆነ፣ ሥጋው ምን እንደሚሸት ይታያል፤ የተለወጠ ነገር ከተገኘም ምትኩን አድርቆ በማሰሮ ለማቆየት የሚያስፈልገው ጊዜ ገና በእጅ ላይ ነው።